ጋሽ ሀብቶም ያልለቀቃት መኪና

ጋሽ ሀብቶም ማረፉን የሰማሁት ኢስትሊ ሱቄ ውስጥ ከአንዲት ሴትዮ ጋር በብርድ ልብስ ዋጋ ስከራከር ነው። አንድ የሰፈራችን ሰው አንገቱን በበሩ አስገብቶ «ደምሴ፣ ፉንዲው አረፈ» አለኝ። ክርክሩን የት እንዳደረስኩት ጠፋኝ። ሴትዮዋ ራሷ ያለችውን ዋጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ብርድ ልብሱን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች። በንግድ ዘመኔ በገዢ ዋጋ የሸጥኩት ዕቃ ያ ብቻ ነው።

ናይሮቢ ውስጥ ሙያ ያለው ሁሉ ፉንዲ ይባላል። ግንበኛውም ፉንዲ ነው፣ ልብስ ሰፊውም ፉንዲ ነው። ለእኛ ለኢስትሊ ሐበሾች ግን «ፉንዲው» ከተባለ መካኒኩ ጋሽ ሀብቶም ነው፤ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ደግነቱን ሲያወራ ሰማሁ። ለሞተ ሰው የሚባለው ይኸው ነው፣ አልፈርድም። ግን ሰውየው ተሳዳቢ ነበር። መኪናውን ያልተንከባከበ ሰው ግቢው ከገባ፣ በሰላምታ ፋንታ ስድብ ነው የሚጠብቀው። እኔን «አንተ ነጋዴ» ይለኛል፣ ስሜን እያወቀ። «አንተ ነጋዴ፣ ፍሬንን እንደ አማት ነው የምታየው፤ ደጅህ ካልቆመ ትዝ አይልህም።» መጀመሪያ የተዋወቅን ሰሞን አንቱ ብዬው ነበር። «አንቱ የሚለኝ ሰው ሥራ በነፃ ሊለምነኝ ነው» ብሎ ከለከለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ ተባብለን ኖርን፣ በአባቴ ዕድሜ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

አስመራ ተወልዶ ሙያውን እዚያው ከጣሊያኖች ነው የተማረው። ከዚያ አዲስ አበባ ወርዶ አውቶቡስ ሲጠግን ብዙ ዘመን ስለኖረ አማርኛው ከእኔ ከመርካቶ ልጁ ይጠራል። ደርግ መጥቶ ነገሩ ሲከፋ በእግሩም በመኪናም ብሎ ናይሮቢ ገባ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቱታው ሥር ሁልጊዜ የተተኮሰ ሸሚዝ የሚለብስ፣ አንገቱ ድረስ የሚቆልፍ ሰው። «ቅባት የሚነካውን ሸሚዝ መተኮስ ምን ይባላል?» ስለው «ቅባቱ ለብረቱ ነው፣ ሸሚዙ ለለተይ» አለኝ።

ለተይ ሚስቱ ናት፣ ለተብርሃን። አዲስ አበባ ቀርታለች። እሱ ሲወጣ እናቷ ታመው ስለነበር «ቅደም፣ እከተልሃለሁ» ብላው፣ መከተሉ ዓመታት ፈጀ። እሱ ብቻውን እየኖረ ካሳራኒ የሚባል ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይቶ ነበር። ሰው «ሁለተኛው ክፍል ምን ያደርግልሃል?» ሲለው ወሬ ይለውጣል።

የሚሠራው ከእትዬ በላይነሽ አልጋ ቤት ጀርባ በቆርቆሮ በተከለለች ግቢ ውስጥ፣ አንድ የአቮካዶ ዛፍ ሥር ነው። አሠራሩ ለብቻው ነው። የደንበኛ መኪና አይነዳም። ባለቤቱ ይነዳል፣ እሱ ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ አጠገብ ይቀመጣል። ባዶ እግሩን ወለሉ ላይ ዘርግቶ፣ አንድ መዳፉን ከመስታወቱ ሥር ክሩስኮቱ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ትራፊክ ፖሊስ ባየው ቁጥር ታሞ ወደ ሆስፒታል የሚወሰድ ይመስለዋል። አንድ ጊዜማ መንገድ አስለቅቀውልናል።

እኔ ከአብዮቱ በፊት ስለመጣሁ ወረቀቴ ሙሉ ነው። ነጭ ፒክአፕ ነበረችኝ፤ ብርድ ልብስና የቤት ዕቃ ጭኜ ናኩሩና ኪሱሙ እመላለሳለሁ። ሲመለሱ ከሊሙሩ ወደ ናይሮቢ ያለው ቁልቁለት ረጅም ነው፣ ፍሬን ላይ ቆሞ ነው የሚወረደው። አንድ ሰሞን እዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ካልያዝኩት ሰላም ነው፤ ስይዘው ነው የሚብስበት። እኔም እንደ ነጋዴ አሰብኩ፤ መያዙን መቀነስ። ጥርሴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን አንድ እሁድ ጋሽ ሀብቶም ጋ ወሰድኳት።

በሰፈራችን የሚያልፈው ጁጃ መንገድ ባዶ ነበር። ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ።

«ፍጥነት ጨምር። ጨምር እንጂ፣ ጎማው እንዳያልቅብህ ነው? በል አሁን ቀስ ብለህ ያዝ። የሚንቀጠቀጠው መሪህ ነው መቀመጫህ?»

«መሪው ነው።»

«መቀመጫህ ምንም አይለውም?»

«ኧረ ምንም።»

«እንደገና ፍጠን። አሁን እግርህን አንሳና የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ ቀስ አድርገህ።»

ሳብኩ። መኪናዋ እንደተኛ ሰው ለስልሳ ቀነሰች።

«የእጅ ፍሬን የኋላውን ነው የሚይዘው። የኋላው ጤነኛ ነው፣ አትነካካው» አለ ዓይኑን ሳይከፍት። «በሽታው ከፊት ነው።»

ግቢ ተመልሰን በክሪክ አነሳት። ጎማውን ላይና ታች ይዞ ወዘወዘ፤ ኩሽኔታው አልላላም። ጎማውን ፈታ። ከዚያ አንድ ሽቦ አጥብቆ አሰረና ጫፉን ፍሬኑ ከሚይዘው ክብ ብረት፣ ከዲስኩ ፊት፣ ሊነካ ምንም ሲቀረው አቁሞ ዲስኩን በእጁ ማሽከርከር ጀመረ። ጆሮውን አስጠጋ። እኔም አስጠጋሁ። ሽው ይላል፣ ዝም ይላል፣ ሽው ይላል፣ ዝም ይላል። ቀጥ ያለ ዲስክ ቢሆን ወይ ሁሌ ይነካል ወይ ጨርሶ አይነካም።

«ተጣሟል» አለ። «አንተ ነጋዴ፣ ከመንገድ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው?»

«እበላለሁ።»

«ከዚያ በፊት።»

«ደጅ አቆማለሁ። እትዬ በላይነሽ ታጥበኛለች።»

ይሄን ማስረዳት ያስፈልጋል። እትዬ በላይነሽ የደሴ ሴት ናት። ባደገችበት ቤት መንገደኛ ሲገባ እግሩ ሳይታጠብ እህል አይቀርብለትም። ናይሮቢ መጥታ አልጋ ቤት ስትከፍት ግን መንገደኛው ሁሉ በመኪና የሚመጣ፣ ካልሲ ያደረገ፣ እግርህን ላጥብ ሲሉት የሚሸሽ ሆነባት። ስለዚህ መላ ፈጠረች። መኪናው ገና ደጇ ሲቆም በጀሪካን ውሃ ይዛ ትወጣና የፊት ጎማዎቹ ላይ ትለቀዋለች። «እንኳን ደህና ገባህ፤ ይኸው እግርህ ታጠበ» ትላለች። ሰፈሩ ውስጥ ያለን ነጋዴዎች ሁሉ ወደድነው። እሷ ሳታፈስ ከመኪናው የሚወርድ አልነበረም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ጥሩንባ ነፍቶ ይጠራት ነበር።

ጋሽ ሀብቶም በቆርቆሮው በላይ ጠራት። መጣች፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።

«በላይነሽ፣ የጋለ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብታፈሺበት ምን ይሆናል?»

«ይሰነጠቃላ!»

«ብረት ጨዋ ነው፣ አይሰነጠቅም። ዝም ብሎ ይጣመማል። ይሄ ሰውዬ ከሊሙሩ ፍሬን ላይ ቆሞ ነው የሚመጣው። ብረቱ እሳት ሆኖ ይገባል፣ አንቺ ትቀበዪዋለሽ። የዚችን መኪና ጤና ያጠፋው እንግዳ ተቀባይነትሽ ነው።»

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «አበስኩ ገበርኩ! እኔ እኮ ለበጎ ብዬ ነው» አለች።

«ለበጎ ነው እንጂ፣ ማን ክፉ አለሽ» አላት።

ገና እዚያው እንደቆምን አንድ የከባድ መኪና ሹፌር የግቢውን በር አልፎ ገባ። አብዲ ይባላል፤ ከሞያሌ ከብት የሚያመላልስ ሰው ነው። ልብሱ፣ ቅንድቡ ሁሉ አቧራ ነው።

«ሀብቶም የምትባለው የትኛው ነህ?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ሚስትህ ሞያሌ ናት። ድንበሩን ተሻግራለች፣ በዚህኛው በኩል። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት ቤት ተቀምጣለች። የሚወስደኝ ሰው ላክልኝ ብላሃለች። ደህና ናት። ደክሟታል ብቻ።»

ጋሽ ሀብቶም አንድ እጁ ዲስኩ ላይ እንዳለ ቀረ። «ማናት ያልከኝ?» አለ። ሰምቷል። ሁለተኛ መስማት ፈልጎ ነው።

«ለተብርሃን።»

እትዬ በላይነሽ እልልታዋን ለቀቀችው። እኔ አቀፍኩት። ሸሚዙ ሥር ልቡ እንዴት እንደሚመታ እስከ ዛሬ ደረቴ ላይ አለ።

እሱ ራሱ መሄድ አይችልም። የስደተኛ ወረቀቱ ከናይሮቢ አያስወጣውም፣ ሰሜን መንገድ ላይ ደግሞ ኬላ በኬላ ነው። ሌላ መኪና እንዳይፈለግ በዚያ አቧራና ሽፍታ በሚፈራበት መንገድ መኪናውን የሚሰጥ አይገኝም። የቀረሁት እኔ ነኝ።

«ጎማውን ግጠምልኝ፣ ዛሬውኑ ልውጣ» አልኩት። «ይንቀጠቀጣል እንጂ ይይዛል።»

ቁልፉ መሪው ላይ ነበር። ሄዶ ነቀለውና ኪሱ ከተተው።

«ዲስኩ ቶርኖ ቤት ይገባል» አለ።

«ዛሬ እኮ እሁድ ነው!»

«ነገ ይከፍታሉ።»

እትዬ በላይነሽ ቱታውን ይዛ ጎተተችው። «ወንድሜ፣ ምን ነካህ? ሚስትህ አይደለችም እንዴ?»

«ሚስቴ ስለሆነች ነው» አላት። «ሲመለስ አጠገቡ የምትቀመጠው እሷ አይደለችም?»

እትዬ በላይነሽ ቱታውን ለቀቀችው።

ሰኞ ጠዋት ብረት የሚላጥበት ቶርኖ ቤት ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርን። ሁለቱም ዲስኮች ፊታቸው ተላጠ። አንደኛው ቀጥ አለ። ሁለተኛው ለመቅናት ብዙ ስለተላጠ ሳሳ። ባለቶርኖው «ይሠራል፣ ውሰደው» አለው። ጋሽ ሀብቶም በጣቶቹ መሃል አድርጎ አሸው፣ አገላበጠው፣ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ለአንተ መኪና ይሠራል» አለው። ማክሰኞን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ወደ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ስንዞር ዋልን። ፊቱን በየአፍታው ወደ ሰሜን ያዞራል፣ ወዲያው ደግሞ አንዱን ዲስክ አንስቶ ዳሩን በጥፍሩ ይሄድበታል። ደህና ዲስክ ያገኘው ሱቆች ሲዘጉ ነው። ገጠመው። ቡሎኖቹን አንዱን አጥብቆ ወደ ጎኑ አልሄደም፤ አንዱን ትንሽ፣ ከዚያ ትይዩውን ትንሽ፣ እንደ መስቀል እያማተበ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። እኔ ትዕግሥቴ አልቆ ክሪኩን በእርግጫ መታሁት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ረቡዕ ማለዳ ባዶ እግሩን አጠገቤ ተቀምጦ ጁጃ መንገድን ወረድን። ያዝኩ። መሪው እንደ ሐውልት ዝም አለ። ዓይኑን ከፈተ፣ ጫማውን አደረገ፣ ቁልፉን ተወልኝ። ከመውረዱ በፊት አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ። «መንገድ ላይ እንቅልፍ ከወሰዳት አትቀስቅሳት።»

በሰሜኑ መንገድ ከኢሲዮሎ ከተማ ወዲያ መኪናዎች ተጠባብቀው በአንድነት ነው የሚሄዱት። ከማርሳቢት ባሻገር ከፊቴ ያለው ከባድ መኪና አቧራ ውስጥ ሆኜ ስነዳ ድንገት አቧራው ተገለጠና መንገዱን ሞልተው የሚሻገሩ ግመሎች አየሁ። ረገጥኩ። ፒክአፗ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትል ቀጥ ብላ ቆመች። የአንዲት ግመል ግልገል አፍንጫ መብራቴን እያሸተተ ነበር። ባለግመሉ ምራቁን እንትፍ ብሎ ባረከኝ ወይም ሰደበኝ፣ ለየሁት አልልም።

ሞያሌ ዓርብ ከሰዓት ገባሁ። ሻይ የምትሸጠውን ሴት ያላወቀ የለም፣ ወዲያው አሳዩኝ። የቦረና ሴት ናት፣ አማርኛ ትችላለች። የለተብርሃንን ስም ስጠራላት ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች።

«ባሏ ነህ?»

«አይደለሁም።»

ደስ አላት። በሕይወቴ ያየሁት የከፋ ደስታ እሱ ነው። «ተመስገን» አለች። «እንግዲህ ለእሱ የምትነግረው አንተ ነህ፣ እኔ አይደለሁም።»

ወባ ነው። ደጋ ያደገች ሴት፣ ቆላውን በእግሯ አቋርጣ ስትመጣ ይዛው መጥታለች። አብዲ ያያት ሰዓት ድካም ይመስል ነበር። ሰኞ ትኩሳቱ ተነሳ። ሐሙስ ንጋት ላይ አረፈች። ሻይ ሻጯ መቃብሯን አሳየችኝ፣ ድንጋይ ከቦታል። እኔ ጸሎት የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ «እንኳን ደህና ገባሽ» ነው የወጣኝ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ።

ስመለስ ጋሽ ሀብቶም ከግቢው ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ። ሸሚዙ አዲስ ነው፣ ቱታ አልለበሰም። መኪናዋ ገና ከሩቅ ስትታይ እጁን አነሳ። ቀርቤ ስቆም እጁ እንደተነሳ አጠገቤ ያለውን መቀመጫ አየ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ወለሉን አየ፣ እንቅልፍ ወስዷት ተንሸራታ እንደሆነ ነው መሰለኝ።

ወርጄ ነገርኩት። ለእንዲህ ያለ ነገር ረጅም አነጋገር አላውቅም።

«መቼ?» አለኝ።

«ሐሙስ፣ ንጋት ላይ።»

እሁድ ብወጣ መቼ እደርስ እንደነበር እኔም አስቤዋለሁ፣ እሱም ያን ጊዜ እያሰበው ነበር። ደርሼ ሐኪም ቤት አደርሳት ነበር ይሆናል። እትዬ በላይነሽ ከበሩ ላይ ነገሩ ገብቷት መሬት ተቀመጠች።

«ፍሬኑ እንዴት ነበር?» አለኝ።

አእምሮው የተነካ መሰለኝ። «ጋሽ ሀብቶም…»

«ፍሬኑን ነው የጠየቅሁህ።»

ስለ ግመሎቹ ነገርኩት። እየነገርኩት እንባዬ ይወርዳል፣ እሱ ግን አንድም ነገር እንዳያመልጠው ከንፈሬን ነው የሚያየው።

«ቀጥ ብላ ቆመች?»

«ቀጥ ብላ።»

«መሪው?»

«ንቅንቅ አላለም።»

ራሱን ነቀነቀ። መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። «እንግዲህ አንድ ሰው ተመልሷል» አለ። ደግፌ አስገባሁት።

የለተይ ለቅሶ ላይ እትዬ በላይነሽ እግሩ ሥር ወደቀች። «እኔ ነኝ! በውሃዬ እኔ ነኝ የገደልኳት!» አለች፣ ሰው ፊት። ሰው ሁሉ እሱን አየ። ጎንበስ ብሎ አነሳት።

«አንቺ መንገደኛ አጠብሽ» አላት። «ከእንግዲህ ግን ሹፌሩ ሻዩን ጠጥቶ እስኪጨርስ ጠብቂና አፍስሺ። ያን ጊዜ ብረቱ ይበርዳል።»

እሷ ከዚያ በኋላ ውሃ ልታነሳ አልቻለችም። ጀሪካኑን እንደገና ያስነሳት እሱ ነው። መኪና በገባ ቁጥር ሥራውን ትቶ ይወጣል፣ ሹፌሩን ሻይ ያስጠጣዋል፣ ጎማው መሃል እጁን አስገብቶ ብረቱን ይዳብሳል፣ ከዚያ «በላይነሽ፣ አሁን» ይላታል። እያለቀሰች ታፈሳለች። ውሎ አድሮ ሳታለቅስ ማፍሰስ ጀመረች።

ሰፈሩ ግን አወራ። «ለብረት ብሎ ሚስቱን ቀበረ» ያሉ አሉ፣ «የእሷ ቀን ነው» ያሉም አሉ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ሁለቱንም ወገን ደጋግሜ ሚዛን ላይ አውጥቻለሁ፤ አንዱም ረግቶልኝ አያውቅም። እሱ ምን እንደሚያስብ ጠይቄው አላውቅም። ያወቅሁት ወራት አልፈው አንድ ሰው የመጣ ቀን ነው፤ ካወቅሁት ነው።

ሰውየው ላቪንግተን በሚባል የናይሮቢ ሰፈር አንድ ሀብታም ቤት ወጥ የሚሠራ የአገራችን ልጅ ነው። የጓደኛውን መኪና ተውሶ እየሮጠ ግቢው ገባ። ልጁ ናኩሩ ሆስፒታል ገብቶበታል። «ፍሬን ስይዝ ይንቀጠቀጣል፣ እስቲ አጥብቅልኝና ልሂድ» አለ። የእኔን ፒክአፕ ያን ቀን ሌላ ሹፌር ይዟት ኪሱሙ ነበረች፣ ብትኖር ቁልፉን በሰጠሁት። ጋሽ ሀብቶም ጫማውን አውልቆ አብሮት ደርሶ መጣ። ሲመለሱ ቁልፉን ራሱ ይዞታል።

«ከፊት በቀኝ በኩል ያለው ፍሬን ይዞ አይለቅም» አለ። «ይፈታል።»

«ልጄ ሆስፒታል ነው እያልኩህ!»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ስጠኝ!»

ግቢው ውስጥ የነበርነው ሁሉ ከያለንበት ቀረብን። እትዬ በላይነሽ በቆርቆሮው ቀዳዳ ታያለች። ጋሽ ሀብቶም ቁልፉን መዳፉ ላይ ዘርግቶ ተመለከተው። እጁ ወደ ሰውየው ሲዘረጋ አይቻለሁ፣ ለዚህ ምስክር ነኝ። ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ፊቱ እንደዚያ ሲያረጅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

«ክሪኩን አምጡ» አለ።

ሰውየው ሰደበው። የሰደበው ስድብ ስለ ሚስቱ ነው፤ ወሬውን ሰምቶ ኖሯል። ልንይዘው ስንነሳ ጋሽ ሀብቶም በእጁ ከለከለን። ተንበርክኮ ፈታ፣ የደረቀውን ጭቃ ፋቀ፣ አጠበ፣ ቀባ፣ ገጠመ፣ ቡሎኖቹን አንዱን ትንሽ ትይዩውን ትንሽ አጠበቀ። ምሳ አልበላም፣ ውሃ አልጠጣም። ከሰዓት በኋላ ጨርሶ ቁልፉን ሰጠው። ሰውየው ሳያመሰግን፣ በሩን አላትሞ፣ አቧራውን አስነስቶበት ወጣ።

ጋሽ ሀብቶም ተከትሎት እስከ ደጁ ሄደ። መንገዱ ጫፍ ላይ ማታቱ የሚሏቸው ሚኒባሶች የሚታጠፉበት መጋጠሚያ አለ፣ እዚያ የሚደርስ ሁሉ ፍሬን መያዝ አለበት። ጠባብ መንገድ ላይ፣ በሰው መሃል፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አንገቱን አስግጎ ቆመ። መኪናው መጋጠሚያው ጋ ደረሰ። የኋላ መብራቱ ቀላ። ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጋሽ ሀብቶም መኪናው እስኪታጠፍ አየውና ገባ።